በደብረ ብርሃን የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛ ለመክፈት፦ ሕንፃው ይቅደም ወይስ ፈቃዱ?

የጠባሴ ነዋሪ

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና አምስት ወዳጆቼ በደብረ ብርሃን ከተማ የአውሮፕላን ጥገና ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ለመክፈት መምከር ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ከመካከላችን ሁለቱ አሜሪካ ውስጥ በጥገና ሃንጋር የሠሩ ሲሆኑ፣ ሌሎቻችን ነጋዴዎችና መምህራን ነን። ከአዲስ አበባ የምንርቀው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ፣ ከተማችን በፋብሪካ እየሰፋች መምጣቷና ከመንዝ እስከ መርሐ ቤቴ ያለው ወጣት ሙያ ፈላጊ መሆኑ ሐሳቡን አጠናክሮልናል።

አሁን ለሥራ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ የምንፈጽምበት ጊዜ ደርሷል። ዕቅዳችን በመጀመሪያ ሕንፃውን ማጠናቀቅ፣ ቀጥሎ ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት የሚሰጠውን ዕውቅና አውጥተን የመጀመሪያውን ዙር ሠልጣኞች መመዝገብ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ደግሞ ሥልጠናው እየተካሄደ ጎን ለጎን መጨረስ ነው። አሜሪካ የነበሩት ወዳጆቼ ሥርዓተ ትምህርቱ 1,900 ሰዓት መሆን እንዳለበት ይናገራሉ። ይህ አካሄድ ያስኬዳል ወይ? መርማሪዎቹ ሲመጡስ በዋነኛነት የሚያዩት ምንድን ነው? ሙያውን የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉን ምስጋናችን የላቀ ነው።

እነዋሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄውን ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ማቅረብዎ መልካም ነው። በአንድ የጥገና ድርጅት የጥራት ማረጋገጫ ክፍል ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ፤ የሥልጠና ተቋማትን ሰነድ የመመርመር ዕድልም ገጥሞኛል። የዕቅድዎ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ላስረዳ።

በአንድ ትንፋሽ ያነሷቸው ሁለቱ ወረቀቶች ከሁለት የተለያዩ ቤቶች የሚወጡ ናቸው። የቴክኒክና ሙያ ዕውቅና የሚመለከተው ተቋሙ በአገሪቱ የሙያ ደረጃ መሠረት ለማሠልጠን ያለውን አቅም ሲሆን፣ ሠልጣኙም በመጨረሻ የብቃት ምዘናውን፣ ማለትም ሲኦሲውን፣ ወስዶ የደረጃ ምስክር ወረቀት ይይዛል። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚሰጠው ፈቃድ ግን መነሻው ሌላ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን መሠረት የሆነው የቺካጎው ስምምነት አባሪ 1 ስለ ሙያተኞች ፈቃድ የሚደነግግ ሲሆን፣ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ሙሉ ላይሰንስ፣ ማለትም የግል የሙያ ፈቃድ፣ ለማግኘት ዕድሜው ከ18 ዓመት ያላነሰ መሆን እንዳለበትና የአራት ዓመት የሥራ ልምድ እንደሚያስፈልገው ይናገራል። ባለሙያው በመንግሥት የጸደቀ ሥልጠና አጠናቆ ከሆነ ግን ልምዱ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ ይላል። እንግዲህ ትምህርት ቤትዎ ለሠልጣኙ የሚሸጥለት ትልቁ ነገር እነዚያ ሁለት ዓመታት ናቸው።

«የጸደቀ ሥልጠና» የሚለው ቃል ደግሞ በዚያው አባሪ ትርጉም ተሰጥቶታል፦ አባል አገሩ ባጸደቀው ልዩ ሥርዓተ ትምህርትና በክትትሉ ሥር የሚካሄድ ሥልጠና ማለት ነው። ፈቃዱ ከመውጣቱ በፊት ያስተማራችሁት ትምህርት፣ ጥራቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ከዚህ ትርጉም ውጭ ይወድቃል። ስለዚህ «ጎን ለጎን» የሚለው ሐሳብ የመጀመሪያውን ዙር ሠልጣኞች ሜዳ ላይ የሚያስቀር ነው።

የሸዋሮቢት ልጅ

እነዋሪ የጻፉትን ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ከእነዚያ ሜዳ ላይ ከቀሩት አንዷ ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስምም ሆነ ከተማውን አልጠቅስም። ማስታወቂያቸው ላይ «ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው» የሚል ጽሑፍ ነበር፤ ማን ዕውቅና እንደሰጠው ግን አልተጻፈም፣ እኛም አልጠየቅንም። አባቴ ለመጀመሪያው ዓመት ክፍያ የማሾ ምርቱንና አንድ በሬ ሸጦልኛል።

ለሁለት ዓመት ያህል ተማርን። መምህራኑ ደካሞች ነበሩ ማለት አልችልም፤ አንደኛው እንዲያውም ዛሬም ድረስ የማመሰግነው ሰው ነው። ሲያልቅ ግን የላይሰንስ ፈተና ማመልከቻዬን ይዤ ስቀርብ፣ ትምህርት ቤቱ ከተፈቀደላቸው የሥልጠና ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ በጨዋ አነጋገር ተነገረኝ። የተማርኩት ዕውቀት የትም አልሄደም፤ ነገር ግን በሕግ ፊት ስቆጠር በሩን ገና እንዳንኳኳ ሰው ነበርኩ፤ ከሁለት ዓመት ይልቅ የአራት ዓመት ልምድ ማጠራቀም ይጠበቅብኝ ነበር። ያለ ላይሰንስ ደግሞ ልምድ የሚያስቆጥር ሥራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል። አሁን የምሠራው በአንድ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ክፍል ነው።

ጋሼ፣ እባክዎ ልጆቹን ከመመዝገብዎ በፊት ፈቃዱን በእጅዎ ያስገቡ።

የበሬሳ ዳር

በእህታችን ላይ የደረሰው የሚያሳዝን ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ላነሣ እፈልጋለሁ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብየዳና የብረታ ብረት መምህር እንደመሆኔ መጠን፣ በአገራችን ያለውን የሙያ ሥልጠና ከአቪዬሽኑ በታች አድርጎ የማየት ዝንባሌ ይሰማኛል። ቶርኖ ማሽን፣ የመለኪያ መሣሪያዎች፣ የኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ፣ ልምድ ያላቸው መምህራን አሉን። ላሜራ መቁረጥና ሪቬት መምታት የአውሮፕላን ሲሆን የተለየ ጥበብ የሚሆነው ለምንድን ነው? ጉዳዩ የጥራት ከሆነ እንወዳደር፤ የወረቀት ብቻ ከሆነ ግን ለአንድ የክልል ከተማ ወጣት በሩን መዝጊያ ነው የሚሆነው።

ጣርማበር

ለመምህሩ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ሲና ነው የምኖረው፤ ከ30 ዓመት በላይ ግን አውሮፕላን ሥር ተኝቼ ኖሬአለሁ።

ልጄ፣ ሪቬት መምታቱ የተለየ ጥበብ አይደለም፤ በዚህ እስማማለሁ። በተማሪነታችን የተነገረንን አንድ ታሪክ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 ከእንግሊዝ በርሚንግሃም የተነሣ አንድ አውሮፕላን ከፍታ እየያዘ ሳለ የካፒቴኑ የፊት መስታወት ተገንጥሎ ሄደ፤ ካፒቴኑም ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ተሳበ። የበረራ አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው፣ ረዳቱ አውሮፕላኑን አሳርፎ፣ ሰውዬው በሕይወት ተረፈ። ሲጣራ፣ ከበረራው በፊት መስታወቱ በተቀየረበት ጊዜ ከገቡት 90 ብሎኖች 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። የቀሩት ስድስቱ ደግሞ ውፍረታቸው ልክ ሆኖ ቁመታቸው አጠረ። ሥራውን የሠራው ሰው ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነበር፤ አሮጌውን ብሎን ይዞ ከመጋዘኑ ካለው ጋር በዓይኑ አመሳስሎ ነው የወሰደው። የክፍል ዝርዝር መጽሐፉን ከፍቶ ቁጥሩን አላመሳከረም።

ያ ሰው ብሎን ማጥበቅ አላወቀም የሚል የለም። የጎደለው፣ እጁ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በመጽሐፍ የማረጋገጥ ልማድ ነው። መርማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ የሚፈልገው ይህ ልማድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚተከል የሚያሳይ ማስረጃ ነው፦ መሣሪያዎቹ ቦታቸው ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ፣ ማታ ሲቆጠሩ አንድ መፍቻ ቢጎድል ምን እንደሚደረግ፣ የቶርክ ሬንቹ (ብሎን በልኩ የሚያጠብቀው መፍቻ) ካሊብሬሽን፣ ማለትም የልኬት ማረጋገጫው፣ ጊዜው ያለፈበት መሆኑንና ተማሪው ይህን አይቶ እንደመለሰው ወይም ዝም ብሎ እንደተጠቀመበት። ኮሌጃችሁ ውስጥ ይህ ካለ እሰየው፤ በእኔ ዘመን ባየኋቸው ጋራዦችና ቤተ ሙከራዎች ግን አልነበረም። የሰው ልጅ ድካምና ስሕተት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ የገባውም በእንዲህ ዓይነቱ አደጋ የተነሣ ነው።

የበሬሳ ዳር

ጋሼ ጣርማበር፣ ምላሹን ተቀብያለሁ። የመሣሪያ ቆጠራ እኛ ዘንድ በወር አንድ ጊዜ ነው የሚደረገው፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። እንግዲያው እንደ እኛ ያለ ኮሌጅ የመሠረታዊ ክፍሉን አስተምሮ ለተፈቀደለት ትምህርት ቤት ተማሪ ቢያቀብልስ? ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የኤሌክትሪክ መሠረትና ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ እንኳን ቢሆን።

እነዋሪ

የመምህሩ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን የ1,900 ሰዓቱን ጉዳይ ላጥራ። ያ ቁጥር ለአውሮፕላን አካልና ለሞተር ጥምር ሥልጠና በአሜሪካ ደንብ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጽፎ የኖረ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ደንብ ዝቅተኛው የሰዓት መጠን ተነሥቶ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ ከባለሙያው የብቃት መመዘኛ ጋር እንዲጣጣም ተደርጓል። ወዳጆችዎ የሚያውቁት የቀድሞውን ነው።

አውሮፓውያን በሰዓት ቆጠራው ጸንተዋል። ስለ ጥገና ማሠልጠኛ ድርጅቶች በሚደነግገው በእነርሱ ደንብ ክፍል 147 መሠረት ለተርባይን አውሮፕላን ሜካኒካል ባለሙያ መሠረታዊ ሥልጠናው 2,400 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ50 እስከ 60 በመቶው የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ነው። በሳምንት 30 ሰዓት ቢማሩ ያለ ምንም ዕረፍት 80 ሳምንት ማለት ነው፤ በዓላትንና የፈተና ጊዜን ሲጨምሩበት ሁለት ዓመት ይሞላል። በንድፈ ሐሳብ ክፍል ከ28 ሠልጣኝ በላይ አይፈቀድም፤ በተግባር ልምምድ ደግሞ ለአንድ ተቆጣጣሪ ከ15 አይበልጥም። ይህ ማለት አንድ ሙሉ ክፍል ወደ ወርክሾፕ ሲገባ ሁለት ተቆጣጣሪ መቆም አለበት። የገቢና ወጪ ስሌታችሁን በዚህ ላይ ብትመሠርቱ ይሻላል። የማመልከቻችሁ መነሻ የአገራችን ባለሥልጣን ደንብ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ነገ የአውሮፓን ፈቃድ መጠየቅ ብትፈልጉ እነዚህን ቁጥሮች ከአሁኑ ማሰባችሁ አይጎዳም።

አሁን ወደ ሂደቱ። በኢካኦ (በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) መመሪያ ላይ የተመሠረተው የፈቃድ አሰጣጥ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ቅድመ ማመልከቻ፣ መደበኛ ማመልከቻ፣ የሰነድ ምርመራ፣ በቦታው የሚደረግ ማሳያና ፍተሻ፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት መስጠት ናቸው። ሰው ሁሉ የሚፈራው አራተኛውን ነው፤ ሥራው የሚያልቀው ግን በሦስተኛው ነው። የሥልጠናና የአሠራር ማኑዋል የሚባለው ሰነድ ትምህርት ቤቱ እንዴት እንደሚኖር በወረቀት ላይ የሚያሳይ ነው። ኃላፊነቱንና ገንዘቡን የሚሸከመው ሥራ አስኪያጅ ማን ነው? የጥራት ማረጋገጫው ሰው ለማን ነው ሪፖርት የሚያደርገው? መምህር ሲለወጥ አዲሱን ማን ይመዝነዋል? የተማሪው መዝገብ የት ነው የሚቀመጠው? በአባሪ 1 መሠረት ይህ መዝገብ ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መቆየት አለበት። ብዙ አመልካቾች የሌላ ትምህርት ቤት ማኑዋል ገልብጠው ስሙን ብቻ ይቀይራሉ፤ መርማሪው ደግሞ በፍተሻው ቀን ማኑዋሉን ይዞ «ገጽ ይህን ያህል ላይ ያላችሁትን አሳዩኝ» ይላል። በማኑዋሉ ላይ የሌላችሁ ሃንጋር ተጽፎ ሲገኝ የሚሰማው ሐፍረት ቀላል አይደለም።

ፈተናውንም ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው እርሱ ስለሆነ። በአውሮፓው ሥርዓት ማለፊያው 75 በመቶ ነው፤ ለአንድ የምርጫ ጥያቄ በአማካይ 75 ሰከንድ ይመደባል። የፈተና ወረቀቶቹ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣሉ። ሲኮርጅ የተገኘ ሠልጣኝ ቢያንስ ለ12 ወራት ሌላ ፈተና አይቀመጥም፤ መልስ የሰጠ ፈታኝም ከፈታኝነት ይወገዳል፣ ፈተናውም ይሰረዛል። በአገራችን ሁኔታ የጎረቤት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ በአንድ ክፍል በሚቀመጥበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህን ለማስፈጸም የጥያቄ ባንኩን የሚይዘው ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ብታስቡበት ይበጃል።

የጠባሴ ነዋሪ

ለሁላችሁም ጥልቅ ምስጋናዬን አቀርባለሁ፤ በተለይ የሸዋሮቢቷ እህታችን ታሪክ ትናንት በስብሰባችን ላይ ተነብቦ ሁላችንንም አስደንግጦናል። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንደኛ፣ ሙሉ ሃንጋርና ወርክሾፕ በራሳችን መገንባት ግዴታ ነው ወይ? ሁለተኛ፣ የደብረ ብርሃን ቦታና የአየር ጠባይ በፈቃዱ ላይ የሚያመጣው ነገር አለ?

እነዋሪ

ለመጀመሪያው፦ ግዴታ አይደለም። በአውሮፓው ደንብ ትምህርት ቤቱ የተግባር ወርክሾፑን በራሱ ማቅረብ ካልቻለ ከሌላ ድርጅት ጋር በጽሑፍ መስማማት ይችላል። ስምምነቱ ግን ባለሥልጣኑ በዚያ ድርጅት ውስጥ ገብቶ የመመርመር መብት እንዳለው በግልጽ መናገር አለበት፤ ይህን አንቀጽ ያልያዘ ውል ዋጋ የለውም። የመምህሩን ሐሳብ የማደንቀውም ለዚህ ነው። ኮሌጁ በወርክሾፕ አቅራቢነት ሊገባ ይችላል፤ የመሣሪያ ቆጠራው ግን በየቀኑ ይሆናል ማለት ነው። የንድፈ ሐሳብ ክፍሎቹን፣ የፈተና አዳራሹንና ቤተ መጻሕፍቱን በኪራይ ሕንፃ ጀምራችሁ፣ ግንባታውን ማኑዋሉ ሲጸድቅ ብትቀጥሉ ገንዘባችሁ ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም። ፈቃዱ ለተጠቀሰው ቦታና ለተጠቀሱት ኮርሶች ብቻ የሚሠራ መሆኑን ግን አትርሱ፤ ሕንፃ ስትቀይሩ ቦታው እንደገና ይታያል።

ጣርማበር

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ፤ ብርዱን አውቀዋለሁና። ደንቡ ተማሪው ሐሳቡን ሰብስቦ ለመማር በሚያስችለው ሁኔታ ውስጥ እንዲሆን ይጠይቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ውርጭ በሚወርድበት አገር በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ይህ አይሟላም፤ ተማሪ በርኖስ ተከናንቦ ሴፍቲ ዋየር (ብሎን እንዳይላላ የሚታሰርበትን ሽቦ) አይጠመዝዝም። ነገሩ የምቾት ብቻም አይደለም። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቀው የነዳጅ ታንክ ሲላንት (ክፍተት መድፈኛ ቅባት) መድረቂያው የሚለካው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ እጅግ ይረዝማል። ጠዋት የቀቡት በማግሥቱም እንደ ሙጫ እጅ ላይ ሲለጠፍ ተማሪው የተሳሳተ ትምህርት ይዞ ይሄዳል። ለሲላንት፣ ለቀለምና ለኮምፖዚት ሥራ የሚሞቅ፣ የሙቀቱ መጠን በየቀኑ የሚመዘገብበት አንድ ክፍል ሥሩ።

ከፍታውንም አስቡት። ከተማው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ 71 በመቶ ዝቅ ይላል። የፒስተን ሞተር አስነሥታችሁ በሙሉ ጉልበት ስትሞክሩት በመጽሐፉ ላይ ያለውን የባሕር ወለል ቁጥር አይሰጣችሁም። ይህን የማያውቅ መምህር ጤነኛውን ሞተር «ደክሟል» ብሎ ሲያስፈታው ይውላል። የሚያውቅ መምህር ግን የማስተካከያ ሰንጠረዡን አስወጥቶ አንድ ጥሩ የግማሽ ቀን ትምህርት ያደርገዋል፤ በእውነት ለመናገር ይህን ትምህርት አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላይ በዚህ መልክ አያገኙትም።

ለልምምድ የሚሆን አሮጌ አነስተኛ አውሮፕላን ስታመጡ ክንፉን አስፈትታችሁ በኮንቴይነር በአዲስ አበባ በኩል አምጡት። በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣ ከሆነ የእኛን የጣርማበርን ዋሻ ስፋት አስቀድማችሁ ለኩ። ከአውሮፕላኑ ጋር ሎግ ቡኩ (የበረራና የጥገና ታሪኩ መዝገብ) እና የጥገና ማኑዋሉ አብረው መምጣታቸውን ሳታረጋግጡ ግን አትክፈሉ፤ ሰነድ የሌለው አውሮፕላን ለመማሪያ ቢሆንም እንኳን ግማሹን ትምህርት ይዞት ይቀራል።

የሸዋሮቢት ልጅ

አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ቀደም ሲል ሳይጸድቅ የተማርነው ሰዎች በእንዲህ ዓይነቱ አዲስ ትምህርት ቤት ስንገባ ከመጀመሪያ ነው የምንጀምረው?

እነዋሪ

እህቴ፣ ለቀድሞ ትምህርት ቅናሽ መስጠት የሚቻለው ትምህርት ቤቱ የምዘናውን አሠራር በማኑዋሉ ውስጥ ጽፎ ባለሥልጣኑ ሲያጸድቀው ነው። በቃል የሚሰጥ ቅናሽ ግን ዳግመኛ ያስቀርሻል። በፋብሪካው የምትሠሪውን ሥራ ቀን፣ የማሽኑን ዓይነትና የተቆጣጣሪሽን ፊርማ እያስገባሽ ከዛሬ ጀምሮ በመዝገብ ያዢው። እንደ አውሮፕላን ልምድ ይቆጠራል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፤ ለምዘናው ማስረጃ ግን ሊሆንሽ ይችላል።

የጠባሴ ነዋሪ

የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። ለሥራ ተቋራጩ ሊከፈል የነበረው ገንዘብ በባንክ እንዲቆይ ወስነናል፤ ሰውዬው ቅር ቢሰኝም ተረድቶናል። የምዝገባ ማስታወቂያውን ከታተመበት ቤት አስመልሰናል። ለባለሥልጣኑ የቅድመ ማመልከቻ ውይይት የሚጠይቅ ደብዳቤ እየተዘጋጀ ሲሆን፣ ከኮሌጁ ጋር ስለ ወርክሾፕ ስምምነት ለመነጋገር የበሬሳ ዳር መምህራችን ቀጠሮ ይዘውልናል። የማኑዋሉን አጻጻፍ በስድስታችን ተከፋፍለነዋል። የመሣሪያ ቁጥጥሩ ምዕራፍ ለእኔ ደርሶኛል፤ ነጋዴ በመሆኔ የመጋዘን ቆጠራ አውቃለሁ ብዬ ነበር፣ ሦስት ገጽ ከጻፍኩ በኋላ ግን እንደማላውቅ ገባኝ። ጋሼ ጣርማበር፣ ረቂቁን ቢያዩልኝ ትልቅ ውለታ ይሆንብኛል።

ጣርማበር

ይላኩልኝ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ብቻ ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ይጨምሩበት፦ ማታ አንድ መፍቻ ቢጎድል በሩን የሚዘጋው፣ ተማሪዎቹንም የሚያቆየው ማን እንደሆነ በሥራ መደቡ ይጻፉ። «የሚመለከተው አካል» የሚል ቃል ባገኝ ረቂቁን ሳላነብ ነው የምመልሰው።